ከወፏ ጀርባ የቆመው ሰው

ሥራዬ ሰው ማጥፋት ነው እያልኩ ስቀልድ ጓደኞቼ ይስቁ ነበር። ጎንደር ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የሰርግ ፎቶ አስተካክላለሁ። ሙሽሮቹ ፋሲል መዋኛ ዳር ቆመው ሲነሱ ከኋላቸው ያለፈውን መንገደኛ፣ ጥግ ላይ የገባውን የባጃጅ አፍንጫ፣ ሚዜው ኪሱ መክተት የረሳውን ስልክ የማወጣው እኔ ነኝ። ሰውየው የነበረበትን ቦታ ከጎኑ ባለው ድንጋይ ወይም ሣር እሸፍነዋለሁ። አለቃዬ ሥራዬን አይቶ «እዚህ ቦታ ሰው ነበረ ቢሉኝ ምዬ እክዳለሁ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። የወጡት ሰዎች የት ገቡ ብዬ ተጨንቄ አላውቅም። ሰርጉ የነሱ አይደለማ።

ወፍ ማንሳት የጀመርኩት በድምፅ ምክንያት ነው። ቁስቋም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቤት ተከራይቼ ስኖር ጠዋት ጠዋት ከዛፎቹ ውስጥ ውሻ የሚያጉረመርም የሚመስል ድምፅ እሰማ ነበር። ውሻ ነው ብዬ ከረምኩ። አንድ ቀን ለኪዳን ስገባ ድምፁ ከላይ፣ ከጥድ ጫፍ ላይ መጣ። ቀና ስል ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነች፣ ጉንጯ ላይ ነጭ ጠብ ያለባት ወፍ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ስትሮጥ አየሁ። ደንግጣ ስትነሣ ደግሞ ከክንፏ ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ወጣና ወዲያው ጠፋ። ስትቀመጥ ቅጠል ናት፤ ቀዩ ያለው ስትበር ብቻ ነው። ስሟን የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ የተለያየ ነገር ስለነገሩኝ እኔ አረንጓዴዋ እላታለሁ።

ያን ቀይ በፎቶ ለመያዝ ያልሞከርኩት ነገር የለም። ሰኞ ሰኞ እረፍቴ ነው። የፎቶ ቤቱን ረጅም ሌንስ ተውሼ ዛፍ ሥር ስቀመጥ ወይ አትመጣም፣ ወይ ትመጣና ቅጠል ውስጥ ሆና ታጉረመርምብኛለች፣ ወይ እኔ አንገቴን ላሳርፍ ጎንበስ ስል ትበራለች። ኮምፒውተሬ በደበዘዘ አረንጓዴና በባዶ ሰማይ ተሞላ። አለቃዬ አንዱን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው? ጎመን?» አለኝ።

አንድ የደባርቅ መስመር ሚኒባስ ሾፌር ነው ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንዳለ፣ ጫካው ያልተነካ እንደሆነ፣ ወፎቹም ሰው እንደማይፈሩ የነገረኝ። የመጨረሻው እውነት አልነበረም። ጫካው ግን እውነት ነበር። ጥዱና ወይራው ቤተ ክርስቲያኑን ከቦት ከሩቅ አይታይም። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰኞ ሁሉ እየሄድኩ ከድንጋይ አጥሩ ሥር መቀመጥ ጀመርኩ።

በአጥሩ ጥግ፣ በአንዲት ጎጆ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሴ ነበሩ። ስድሳ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ወይባ ልብሳቸው በፀሐይ የነጣ። የመጀመሪያ ቀን ካጠገቤ ቆመው ብዙ አዩኝና፣

«ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ወፍ እየፈለግሁ ነው አባ።»

«ያንቺ ወፍ ናት?»

«አይደለችም። ፎቶ ላነሳት ነው።»

«እንግዲያስ አልጠፋችም» አሉና ሄዱ።

ተቆጥተው ይሁን ቀልደው ሳይገባኝ ቀረ። በሚቀጥለው ሰኞ ሰላም አሉኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ጧፍ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የተቆላ ሽንብራ በእፍኛቸው ይሰጡኛል። ብዙ አናወራም። የት ተወለዱ፣ መቼ መነኮሱ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም ባል አለሽ ወይ፣ ልጅ አለሽ ወይ አላሉኝም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ እወዳቸው ነበር።

ፎቶው የተገኘው በጥቅምት ነው። ጠዋት ነበር፣ ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል። አረንጓዴዋ ከወይራው ፍሬ ስትለቅም ቆይታ በድንገት ወደኔ ተነሣች። ጣቴ ተጫነ እንጂ እኔ አልተጫንኩም ማለት እችላለሁ። ከሄደች በኋላ የካሜራዬን መስኮት ሳይ ሁለቱም ክንፎቿ ተዘርግተው፣ ቀዩ ላባ ለላባ ተለይቶ፣ ዓይኗ ሳይቀር ጠርቶ ወጥቷል። ቀስ ብዬ ደግሞ ሌላውን አየሁ። ከወፏ ጀርባ አባ ቆመዋል። ከጎናቸው መሬት ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ። ሌንሱ ወፏን ስለያዘ እሳቸው ደብዝዘዋል፤ አንድ እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ የሚያዩ ይመስላሉ። የወፏ ክንፍ ጫፍ ልክ ራሳቸውን ጋርዷል።

ሄጄ አሳየኋቸው። ካሜራውን ተቀብለው ወፏን አዩና ፈገግ አሉ። ራሳቸውን ሲያዩ ፈገግታው ጠፋ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ አባ። ውሃ ይዘው ሲመለሱ ነው መሰለኝ።»

«ዓለምን ትቻለሁ ብዬ ዞሬ ፎቶ ላይ ልገኝ? አውጪኝ። ማውጣት ይቻል የለም?»

«ይቻላል። ሥራዬ እሱ ነው።»

«ሸጋ» አሉ። «ወፏ ትበቃለች።»

ያን ጊዜ ምንም አልከበደኝም። ፎቶ ቤት ስመለስ አለቃዬ አየና ጮኸ። ወዲያው ለአንድ ሆቴል ሰው አሳየው። ሰውየው የሆቴሉን አዳራሽ የሚያስጌጥ ትልቅ ፎቶ ሲፈልግ ከርሟል። እሱም ወደደው፤ ግን «ሰውየውና ጀሪካኑ ይውጡ፤ እንግዳ ሲያየው ንጹሕ ተፈጥሮ ይሁን» አለ። እንግዲህ ፎቶው ላይ ያሉት ሰውዬ ራሳቸው አውጪኝ ብለዋል፣ ገዢው አውጪያቸው ብሏል፣ አለቃዬ ቶሎ አውጪያቸው ይላል። ሰው ሁሉ ተስማምቷል። ያልተስማማሁት እኔ ብቻ ሆንኩ፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ አላውቅም።

ጀሪካኑን በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። እሳቸው ላይ ስደርስ ግማሽ ትከሻቸውን በቅጠል ሸፍኜ እመለስበታለሁ። አወጣቸዋለሁ፣ ፎቶው ያምራል፤ ግን የትም ቦታ የተነሣ ይሆንብኛል። እመልሳቸዋለሁ፣ ጥቅምቱና ብርዱ ይመለሳል፤ ግን የገባሁት ቃል ይታወሰኛል። አለቃዬ ሁለት ጊዜ መጥቶ አይቶኝ «ለአንድ መነኩሴ ይሄን ያህል? አምሳ ሰርገኛ በአንድ ቀን ስታወጪ አልነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው።

እንዲህ ስዋልል ነው ሴትዮዋ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ የመጡት። ከአይከል ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው ዘመድ ቤት ያረፉ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ያወረዱ እናት ናቸው። አንዱ ዓይናቸው ከደን ያለ ነው። ፎቶውን አንስቻቸው እስኪታተም አጠገቤ ወንበር ሰጠኋቸው። የኔ ስክሪን ወደሳቸው ዞሯል። እኔ አባን ሳወጣ ስመልስ ሲያዩ ቆዩና፣

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ።

«አንድ አባት ናቸው። አሁን ላወጣቸው ነው።»

«ወዴት?»

«ከፎቶው።»

ወንበራቸውን ጎትተው ተጠጉ። አንገታቸውን ወደ ጎን አድርገው በደኅናው ዓይናቸው አዩ። «ወፏን ገለል አድርጊልኝማ።»

የሰማሁት አልመሰለኝም። «ምን አሉኝ እናቴ?»

«ፊቱን ጋርዳብኛለች። ገለል አድርጊያት፣ ልየው።»

አስረዳኋቸው። ከወፏ ጀርባ ምንም እንደሌለ፣ ካሜራው ያላየውን እኔም ላየው እንደማልችል ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ቅድም ሰውየውን ስታወጪው አይቼሻለሁ» አሉኝ። «ከሱ ጀርባ የነበረውን ከየት አመጣሽው?»

«ከጎኑ ካለው ቅጠል ነው የምቀዳው።»

«እንግዲያ ፊቱን ከኔ ቅጂው። ወንድሜ ነው። እንመሳሰላለን። አንዳችሁን ያየ ሁለታችሁን አየ ይሉን ነበር።»

ማውዙን ለቀቅሁት። ሴትዮዋ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እንባም አልነበረም። ወንድማቸው ሊዳር ቀኑ ተቆርጦ ድግሱ እየተደገሰ ሳለ ከቤት እንደወጣ ነገሩኝ። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ላይ አየነው ያለ ነበር፣ ሱዳን ገባ ያለም ነበር። እናታቸው በር በሩን ሲያዩ ኖረው አረፉ። ዘመድ በመጨረሻ ተሰብስቦ ሞቷል ብሎ ቆረጠ፤ ተዝካሩም ወጣ።

«በምን ዐወቁት?» አልኳቸው። «ፊቱ አይታይም፤ ሰውነቱም ደብዝዟል።»

«እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ሲያይ። እሱ ነው እንዲህ የሚያይ።»

ወደ ላይ የሚያይ ሰው ሁሉ ማጅራቱን ይይዛል ልላቸው ፈለግሁ። ደግሞም የመጡት ለዓይናቸው ሕክምና ነው። ግን እንዴት ይባላል? የት እንዳነሳሁት ሲጠይቁኝ ሌላ ጭንቅ መጣ። ሰውየው ዓለምን ትቻለሁ ብለውኛል። «መጀመሪያ እሳቸውን ልጠይቅ» አልኩ።

«ምነው? ወንድሜን ለማየት ፈቃጁ ማነው?» አሉኝ ቆጣ ብለው። ቆይተው ግን «ይሁን፣ ጠይቂው» አሉና ያረፉበትን ቤት ስልክ ሰጡኝ። ጉርድ ፎቷቸውን ስሰጣቸው «ለሱም አሳዪው» ብለው አንዱን መለሱልኝ።

ሰኞ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ንግግሬን ሳዘጋጅ ሳፈርስ ደረስኩ። አባ ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው ገመድ ይፈትሉ ነበር። አንድም ያዘጋጀሁት ቃል አልወጣልኝም። ፎቶውን አወጣሁና «እኚህን እናት ያውቋቸዋል?» አልኩ።

በመዳፋቸው ይዘው አዩት። ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸውን አጥብቄ አየሁ፤ ወፍ የምጠብቅበትን ትዕግሥት ሁሉ አውጥቼ አየሁ። ምንም አላገኘሁም።

«አላውቃትም» አሉኝ።

«ወንድሜ ናቸው ይላሉ። ከአይከል ነው የመጡት።»

«እኔ የሞትኩ ሰው ነኝ ልጄ። ስመነኩስ ፍትሐት ተደርጎልኛል። የሞተ ሰው እኅት አለው?» ፎቶውን መለሱልኝ። «አውጪኝ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለውኛል። ላወጣዎት ስል ነው ያዩዎት።»

ገመዳቸውን መልሰው ይፈትሉ ጀመር። ተነሥቼ ቦርሳዬን ሳነግት «ዓይኗን አሟታል እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ። ለሕክምና ነው የመጡት።»

ወደ ጎጇቸው ገብተው ያን ቢጫ ጀሪካን አወጡ። የያዝኩትን የውሃ ጠርሙስ ተቀብለው የነበረውን ደፉና ከጀሪካኑ ሞሉልኝ። «ጠበል ነው። ጠዋት ጠዋት ትታጠብበት።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው አባ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ።

ጠበሉን እቅፌ አድርጌ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ተሟገትኩ። ዓይኑን ያመመው ሰው መኖሩን የሰማ መነኩሴ ሁሉ ጠበል ይሰጣል። በፎቶው ላይ አንዱ ዓይን ከደን ማለቱ ይታያል፤ እንግዳም ቢሆን ያየዋል። ይሄ ሁሉ ልክ ነው። ታዲያ ያ ቁጣ የምንድን ነው? ወይስ እኔው ነኝ ቁጣ ያደረግሁት?

ለሴትዮዋ የሆነውን ሁሉ እንደሆነ ነገርኳቸው። አላውቃትም እንዳሉ፣ ስለ ዓይናቸው እንደጠየቁ፣ ጠበል እንደላኩ። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት።

«በየትኛው እጁ ነው የቀዳልሽ?»

«እንዴት?»

«ወንድሜ ግራኝ ነበር።»

ስንት ሰኞ ሽንብራ ከእጃቸው ተቀብያለሁ፣ ገመድ ሲፈትሉ አይቻለሁ፤ በየትኛው እጅ እንደሆነ ግን ማስታወስ አልቻልኩም። የአንዲት ወፍ የላባ አሰላለፍ በቃሌ አውቃለሁ፤ የሰውየውን እጅ አላውቅም። ፎቶውን ከፍተን አጎላነው። ማጅራት ላይ ያለው እጅ የቱ ነው? ወደኛ ዞረው ከሆነ አንደኛው ነው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ከሆነ ሌላኛው። ባጎላነው ቁጥር ሰውየው ወይባ ጭጋግ ብቻ እየሆኑ ሄዱ። «ሳየው ሳየው ጠፋብኝ» አሉ ሴትዮዋ። ቆይተው ደግሞ «ግድ የለም፣ ሄጄ ልየው። ካባረረኝም ያባርረኝ» አሉ።

አባ እንዲመጡ አልፈቀዱም፤ እንዳይመጡም አላሉም። ይህን ይዤ በሚቀጥለው ሰኞ አብሬያቸው ሄድኩ። ልክ ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሴትዮዋ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ በሶ በጨርቅ ቋጥረው መጡ። ሚኒባሱ ውስጥ እስክንደርስ ስለ ወንድማቸው አወሩልኝ፤ እሱ እንዲህ ይወድ ነበር፣ እሱ እንዲህ ሲስቅ ነበር እያሉ።

ጎጆው ዝግ ነበር። በሩ በገመድ ታስሯል። ቄሰ ገበዙ ከቤተ ልሔሙ ወጥተው፣ አባ ቅዳሜ ዕለት ወደ ቆላ ገዳም መሄዳቸውን ነገሩን።

«የትኛው ገዳም?» አልኩ።

«አልነገሩንም።»

«ሊመለሱ ነው?»

«መነኩሴ ይመጣል፣ ይሄዳል። ክረምቱን ከዘለቅሁ እሄዳለሁ ሲሉ ነበር ከድሮውም።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው «አገራቸው የት ነበር አባቴ?» አሉ።

«መነኩሴ አገሩ አይጠየቅም፣ እናቴ።»

በኔ ምክንያት ሄደው ይሆን? ወይስ ከድሮውም ሊሄዱ ነበር? ቄሰ ገበዙን ደግሜ ልጠይቅ አስቤ ጥያቄዬ ምን እንደሆነ ጠፋኝ። ሴትዮዋ ወደ ጎጆው ሄዱ። ሊያለቅሱ ይሆናል ብዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን ከአጥሩ ሥር የቅጠል መጥረጊያ አግኝተው ደጃፉን ጠረጉ። ነፋስ ያመጣውን የወይራ ቅጠል አንድ ቦታ ከመሩ። የቋጠሩትን በሶ ለቄሰ ገበዙ ሰጡና «እንሂድ» አሉኝ። ያን ቀን ካሜራ ይዤ ነበር፤ ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

ስንመለስ ጎንደር ልንገባ ስንል ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ያን ፎቶ ለሰው የምትሰጪው ከሆነ እሳቸውን አውጪያቸው። እንዳሉሽ አድርጊ።»

ጠዋት ሙሉ «እሱ» ሲሉ የነበሩት ሴት «እሳቸው» አሉኝ። ወንድሜ አይደሉም ብለው ይሆን? ወይስ ወንድማቸው መሆኑን አምነው፣ መነኩሴ ስለሆነ ማክበራቸው ነው? ቀና ብዬ ሳያቸው በመስኮት እያዩ ነበር። አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ቁጭ ብዬ አወጣኋቸው። ጥሩ ሥራ ነው፤ አለቃዬም ምዬ እክዳለሁ አለ። ፎቶው ሆቴሉ አዳራሽ ተሰቅሏል፤ ሰርገኞች ሳይቀሩ ከሥሩ ይነሣሉ፤ ከነሱ አንዳንዱን ደግሞ እኔው አስተካክላለሁ። ሙሉውን፣ ከነአባ ከነጀሪካኑ፣ አንድ ብቻ አትሜ ለሴትዮዋ ሰጠኋቸው። አባ ያሉትን አፈረስኩ ወይስ ጠበቅሁ? አንድ ቀን ጠበቅሁ እላለሁ፤ ሌላ ቀን አፈረስኩ እላለሁ።

ሴትዮዋ ዓይናቸው ተሠርቶላቸው አይከል ገብተዋል። በዓመት በዓል ይደውሉልኛል። ባለፈው ሲደውሉ አሁን መርፌ ቀዳዳ ክር አስገባለሁ ብለው ፎከሩልኝ። ደስ አለኝ። እንደ ዘበት «ፎቶውንስ በአዲሱ ዓይንዎ አዩት?» አልኳቸው።

«አላየሁትም። ሣጥን ውስጥ ነው።»

«ምነው?»

«እንጃ፣ ዳግም እንዳይጠፋብኝ» አሉኝ።

እኔም አልገፋሁም። ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኋቸው፤ እዚያ ዝናቡ እንደዘገየ ነገሩኝ፤ እዚህም ዘግይቷል አልኳቸው።